ከዜሮ በታች

ሦስተኛዋም ሞተች። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፤
ጣቴን ባሳርፍባት ጀርባዋ ረመጥ አከለ።
«በቃ?» አለኝ ይርሳው፣ መበየጃው በእጁ እንደጋለ፤
ቅንድቡ ዱቄት ጠጥቶ ያለ ዕድሜው ሽበት አበቀለ።

አዘዞ ነን፣ ከእትዬ አንጓች ወፍጮ ቤት ጓዳ፤
እህሉ በጆንያ ተሰልፎ፣ ወረፋው እስከ ሜዳ።
ሞተሯ ሁለቴ ተቃጥሎ ሁለቴ አስጠመጠመች፤
አንዱን በዕቁቧ ከፈለች፣ ለሌላው ጥጃ ሸጠች።
አራዳ፣ ከሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ በር ላይ ቆመች፤
«ሳይነድ በፊት የሚነግረኝ አንድ ነገር ሥራልኝ» አለች።

እኔም በሽቦዋ ዙሪያ የመዳብ ቀለበት አሰርሁ፤
የሞተሩን ትንፋሽ በሩቁ ላዳምጥ አሰብሁ።
ግን ይኼ ጅረት እንደ ቀሃ ወደ አንድ ቁልቁል አይሄድም፤
በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል፣ አይደክምም።
ሲወጣ ሁለት ቮልት፤ ሲወርድም ሁለት፣ ከዜሮ በታች።
ቺፗ ደግሞ ከዜሮ በታች የሚባል አገር አልሰማች።
ከዜሮ እስከ አምስት ነው ዓለሟ፤ ሌላው ለእርሷ ሐሰት፤
እግሯ ላይ ሲደርስባት ግን ሐሰቱ ይሆናል እሳት።
በእግሯ ሥር የተሸሸገው ስውር በር ተበርግዶ
ያልጠራችው ጅረት ይገባል፣ ውስጥ ውስጧን አንድዶ።

«እንግዲያው ዘበኛ እንቅጠር» አልሁ።
መጀመሪያ ረዚስተር፣ ዐሥር ኪሎ ኦም፤
በጠባብ በር አንድ ባንድ የሚያስገባ፣ ጉልበተኛ የማይፈራም።
ከጎኑ ሾትኪ ዳዮድ፦ ብርማ መስመሩ ወደ እግሯ፣ ሌላው ጫፉ መሬት፤
ከዜሮ በታች ዕዳ ሲመጣ፣ እሱ ይከፍላል ከመሬት።

አራተኛዋ ኖረች።
አንድ ሰዓት። አንድ ቀን። ማግስቱንም አደረች።
ይርሳው ሊጨፍር ዳዳው።
እኔ ግን ሞገዱን ስክሪን ላይ ዘርግቼ ባየው፣
ግማሹ የለም።
ከላይ ጉብታ፣ ከላይ ጉብታ፤ ከታች ልሙጥ ሜዳ።
ዘበኛው ቺፗን አድኖ፣ ከሞተሩ ሕመም እኩሌታውን
ከደጅ መልሶት ኖሯል፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

ያኔ እትዬ አንጓች ታወሰችኝ።
«እንዴት ሰነበትሽ?» ሲሏት አንድ ቀን እንኳ
ከ«ደህና» በታች አልወረደች፤
ጥጃዋን የሸጠች ለት እንኳ «ደህና፣ ተመስገን» እያለች ሸጠች።
እኛም ተመስገን ብለን አለፍን። የቀረው መሬት ገባ።

ሌሊቱን ሁለት እኩል ረዚስተር
በአምስቱና በመሬት መካከል በየድሁ፤
ከመሃላቸው፣ ሁለት ተኩል ላይ፣
«ዜሮ ሆይ፣ ከዛሬ ወዲህ መቀመጫሽ እዚህ ነው» አልሁ።
ያው ሞገድ ነው፣ ያው ቁልቁለት፤ አሁን ግን ወለል አለው፤
ቢወርድ ቢወርድ ግማሽ ቮልት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማን ሊጥለው?
ዳዮዱን ግን አልነቀልሁትም፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ
እኛ አዘዞዎች እናውቃለን።

ሞተሩ ዝም ሲል ቺፗ «አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት» ትላለች፤
ዝምታም ቁጥር አለው ለካ።
ንጋት ላይ ይርሳው ማብሪያውን ሰቀለው። ወፍጮው አጓራ።
ሞገዱ ሙሉውን መጣ፤ ከታችኛው ጉብታ ላይ፣
እንደ ተሸረፈ ጥርስ ያለች አንዲት ስንጥቅ ይዞ።

እትዬ አንጓች ነጠላዋን እያራገፈች ገባች።
«ምን አገኛችሁ?»
ጣቴን ስንጥቋ ላይ አሳረፍሁ። ብዙ አየችው።
ወንበር ሳብሁላትና፣ «አንቺስ፣ እንዴት ነሽ?» አልኋት፤
«ደህና» ለማለት አፏን ስትከፍት አላቋረጥኋት፣
መልሱንም አልተቀበልሁ።

ቆየች።
ዱቄቱ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ይወርዳል።
«እንጃ ልጄ» አለች፣
ውጭ ወረፋው ሲንጫጫ፣
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ወደ እጆቿ እያየች።