ትኬት ቆራጯ

ሥራዬ ትኬት መቁረጥ ነው፣ በሊንድክቪስት መናፈሻ በር፣
ኦሪገን ውስጥ፣ ከውቅያኖሱ ማዶ ለማዶ፣ ዝናብ ከማይርቀው አገር።
ለመኪና አምስት ዶላር፣ ለእግረኛ አንድ፣ ሕፃን በነፃ።
ውሻ በገመድ ይገባል።
አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ በሰሌዳ ተጽፏል።

ይህን ሁሉ የሚያነቡት በቀን የሚመጡት ናቸው፤
በሌሊት ለሚያልፉት ሰዎች ሰሌዳ ምን ሊያደርግላቸው።
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲል ቁልፌን ይዤ እወጣለሁ፣
የብረት በሩን ከፍቼ ባትሪ አብርቼ እቆማለሁ፤
ባዶ ካሚዮን ይገባል፣
ሲነጋጋ ሞልቶ ይወጣል።
እኔ ትኬት እቆርጣለሁ፣ እነሱ ግንድ ይቆርጣሉ፤
በአንድ በር፣ በአንድ ቃል፣ ሁለት ሥራዎች ያድራሉ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሲግኔ ሊንድክቪስት፣ ባሏ የሞተባት፣
ልጅም ያልነበራት፣
መሬቷን ለሕዝብ ሰጠች፤ «ለመንገደኛ ጥላ ይሁን፣
አይሸጥ፣ አይለወጥ» ብላ አስጻፈች ውሉን።
ከኋላዋ ግን የወንድሟ የአርቪድ ጫካ ነበረ፣
በገደልና በወንዝ መውጫ አጥቶ የታጠረ።
ለሱ አዝና አንድ መስመር ጨመረች፦
«ወንድሜ በመሬቴ ይለፍ፣ በአንድ ጋሪ፣ በሁለት በቅሎ።»

አርቪድ ሞተ። በቅሎዎቹም። ጋሪው ምሶ ወደቀ።
መስመሩ ግን መዝገብ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ጠበቀ።
ከወራሽ ለነጋዴ፣ ከነጋዴ ለኩባንያ ሲዞር ሲዞር፣
ሁለቱ በቅሎዎች ጎማ አወጡ፣ አሥራ ስምንት በቁጥር።

አንድ ቀን ተማሪዎች መጡ፣ ተሰልፈው በመንገዱ።
ጥሩንባው ሲጮህ ሁሉም ወደ ቦዩ ወረዱ።
«ይሄ የማን መንገድ ነው?» አለኝ አንዱ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ።
«ያንተ» አልሁት።
ካሚዮኑ አለፈ፤ ጭቃው እስከ አንገቱ ዘለቀ።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።
ቨርጂል ታክስታድ ግን፣ የሦስተኛው ካሚዮን ሹፌር፣
«ማርዳ፣ በረደሽ?» እያለ ከቴርሞሱ ሻይ ያካፍለኛል፣
የልጁን የጥርስ ሽቦ ዋጋ፣ የቤቱን ዕዳ ይነግረኛል።
አባቴም እንጨት ቆራጭ ነበር፤ የግራ እጁ ጣቶች ሁለት።
ያደግሁት በመጋዝ ነው፤
ዛፍ ጫማዬ ነበር፣ ዛፍ ደብተሬ፤
በማን ላይ ልፍረድ ዛሬ?

መታጠፊያው ላይ አንድ ቀይ ጥድ ነበረ፣
ሦስት ሰው ቢተቃቀፍ የማይገጥመው።
ቀያሾች ቅርፊቱን ልጠው በመሮ ቁጥር ጽፈውበታል፤
በውሉ ላይ «ምስክር ዛፍ» ይባላል፤
መንገዱ ከዚህ ይጀምራል፣
ስፋቱም ከዚህ ይለካል።
ኩባንያው ጠበበኝ አለ።
ቦርዱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በልጆች ወንበር ተቀመጠ፤
ሦስት እጅ ለሁለት እጅ። ቀን ተቆረጠ።
እኔ ተስፋ አልቆረጥሁም፤ ከቁራጭ ሁሉ እሱን አስቀረሁ፤
ምስክር ገድሎ ይግባኝ የሚል ከሳሽ የት አገር አየሁ?

ማክሰኞ ንጋት ላይ መጣ።
ጠረኑ ቀድሞት በመስኮቴ ገባ።
በሦስት ተቆራርጦ ተጭኗል፤ ቁጥሩ ቅርፊቱ ላይ እንዳለ ነው።
ነጂው ቨርጂል ነበር። መስኮቱን አልከፈተም።
የዕድሜውን ቀለበት መቁጠር ጀመርሁ፤ ሰማንያ ላይ ስደርስ
ካሚዮኑ ተንቀሳቀሰ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ።
እጄ ግን የለመደውን አደረገ፤
ትኬት ቆረጠለት።
ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት።

ማታ ሒሳብ ስንዘጋ አምስት ዶላር ጎደለ፤
ከቦርሳዬ አውጥቼ ከፈልሁ።
ተቆጣጣሪው መነጽሩን ገፋ አድርጎ፣
«ማን ገብቶ ነው ሳይከፍል?» አለ።
«የገባ የለም» አልሁት፤ «የወጣ ነው።»
ጉቶው መታጠፊያው ላይ ነው።
ጉርዱ ኪሴ ውስጥ አለ።