ሟች አይዘፍንም

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
ሱቄ ጠባብ ናት፣ ከሁለት ሰው በላይ የማታስገባ።
ቲያትር መጣ ሲባል ግን መቀሴን ወርውሬ
ቁጭ ነኝ ከፊት አግዳሚ፣ ቦታዬን አጥሬ።
ሠላሳ ዓመት አየሁ፤ አልመዘገብሁም እንጅ፣
የሸገሩንም ቡድን፣ የእኛንም የክበብ ልጅ።

አሁን ጠይቁኝ እስቲ፦ ሙዚቃዊው ወይስ ደረቁ?
ደረቁን ነው የምወድ፤ ጎረቤቶቼም ይወቁ።
ወንበርና ጠረጴዛ፣ አንድ ፋኖስ፣ ሁለት ሰው፤
አንዱ ሊናገር ሲል ሌላው በዓይኑ የሚመልሰው፤
ቃል ጠፍቶት ሲያስል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሲሹክሹኩለት፣
እኛ ቀድመን ሰምተን፣ በሆዳችን ስንልለት፤
ያ ጭንቅ፣ ያ ዝምታ፣ ያ የአግዳሚው ሲጥሲጥታ
ይበልጥብኛል ከኦርጋን፣ ከከበሮው ምታ።

ሙዚቃዊው ምን ያደርጋል? ያዘነ ሰው ይነሣና
«አዝኛለሁ» ይላል አንዴ፤ ገባን፣ እሽ፣ ደኅና።
ከዚያ ኦርጋኑ ይገባል፤ «አዝኛለሁ» ይደግማል፤
ሦስት ልጃገረዶች ከኋላ «አዝኗል፣ አዝኗል» ይሉለታል።
እኔ የጎጃም ጆሮ ነኝ፣ በሰም በወርቅ ያደግሁ፤
ወርቁን ራሴ እንድቆፍር ነው ትኬት የቆረጥሁ።
አላምጠው ካጎረሱኝማ ምኑን እኔ በላሁ?

ልብሱንም አያለሁ፤ እንጀራዬ ነው።
ያ የባላባት ካባ፣ በብልጭልጭ ክር ደምቆ፣
እጅ ለጭፈራ ሲነሣ፣ ብብቱ ላይ ተቦጭቆ!
በደረቁ ቲያትር ግን አንዲት መርፌ አትባክንም፤
ቆሞ የሚያዝን ተዋናይ ብብቱን አይቀድም።

ባለፈው ጥቅምት ነው፤ «የጨሞጋ ማዶ ሙሽሮች» የሚል
አንድ ቡድን ይዞ መጣ፤ አዳራሹ ጢም እስኪል።
ሙሽራው በጥይት ተመታ፤ ወደቀ፤ ሴቶች ጮኹ፤
አሁንስ አለቀ ብዬ ኮቴን ከጉልበቴ አነሣሁ።
የለም! ደረቱን ይዞ፣ በክርኑ ብድግ ብሎ፣
አራት ዙር ዘፈነልን፣ ከደኅና ሰው አይሎ።
ከአግዳሚው ተነሥቼ «ሙት እንጅ ወንድሜ!» አልሁ።
ሰው ሁሉ ሳቀ። ዞር ስል ግን ከጎኔ ያለውን አየሁ፦
የወፍጮ ቤቱ አንሙት፤ ዱቄት ባልለቀቀው ፊቱ ላይ
እንባው መንገድ አበጅቶ ወርዷል፣ እንደ ትንሽ ዓባይ።

ደጅ ስንወጣ ያዘኝ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
«አንተ የጉድ ሰው፣ ሞት እንዲህ ያስቅሃል ወይ?
በእናትህ ለቅሶ ላይ እኔስ አልነበርሁም ወይ?
አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ አንገትህን አልደፋህም?
በወቂያ፣ በአረም፣ በደቦ ቀን፣ በዜማ አልተቀባበልህም?
በሬውን በዘፈን የሚነዳ፣ ቂሙን በግጥም የሚከፍል አገር
መድረክ ላይ ሲያንጎራጉር ምኑ ላይ ነው ነውር?»

እኔም አፌ አያርፍ፦ «አልቃሽ ትዝፈን፣ አልከለክልም፤
አጫጅም ወቂም ይዝፈን። ሟች ግን አይዘፍንም።»
(አንሙት ብለው ስም ያወጡለት ሰው ስለ ሞት ሊያስተምረኝ!)
እሱ ግን አልሳቀም፤ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦
«ከሟች ጋር አድረህ ታውቃለህ?»

አልመለስሁለትም።
አድሬ አውቃለሁ።
እናቴ በዚያች ሌሊት፣ ወደ ንጋቱ ገደማ፣
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ውኃ ጠማት ብዬ ጆሮዬን ባስጠጋ፣
ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት ዜማ ነበረች።
ጣቶቿ ባዶ አየር ላይ እንዝርት ያሾሩ ነበር።
ትኩሳቱ ነው ብዬ በጋቢ ሸፈንኋት፤
«ዝም በይ፣ ይደክምሻል» አልሁና ዜማዋን አላስጨረስኋት።

«ደኅና እደር» አልሁት ለአንሙት።

ማለዳ አንድ የቡድኑ ልጅ ካባውን ታቅፎ መጣ፤
ብብቱ እስከ ወገቡ ድረስ ክሩ የወጣ።
«ማታ ቡሬ እናሳያለን፤ ጋሼ፣ ይድረስልን» አለ።
ጠቅ ጠቅ አድርጌ ልመልሰው እችል ነበር፤ ግን ፈታሁት፤
ከብብቱ ሥር ጨርቅ ቀጠልሁ፤ ክሩንም ደረብሁት፤
ያ ሰውዬ ሲሞት እጁን እንደ ልቡ እንዲያነሣ።
ግማሽ ዋጋ ተቀበልሁ፣ ምክንያቱን ሳላነሣ።

ሐሳቤን ግን አልለወጥሁም፤ አንሙትም ይህን ይስማ፤
ደረቁን ነው የምወድ።
ደግሞስ አራት ዙር በዛ። ሁለት ይበቃው ነበር።