ሽበት በብሩሽ

ቶቺጊ ውስጥ፣ ደወሉ በዛገ፣ ተማሪ በሌለው ትምህርት ቤት፣
ቺዙሩ በቀጭን ብሩሽ ትዘራለች ሽበት።
የሚዘራበት ራስ ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ፣
“መምህር” ነው በድርሰቱ፤
“ተማሪው” ግን ሠላሳ አንድ ሞልቶት፣
ሁለቴ ተላጭቶ ቆሟል፣ ዩኒፎርሙ ትከሻው ላይ ጠብቦት።

“ካሜራ!”
“እስክመረቅ ይጠብቁኝ” ይላል ትልቁ ለትንሹ።
ትንሹም፣ እንደተጻፈለት፣
“ስታድግ ትረሳኛለህ” ብሎ ጠመኔውን ያስቀምጣል።
በመስኮቱ ዝናብ፣
ከጎማ ቱቦ የሚወርድ።

“በቃ!”
ትንሹ ጎንበስ ብሎ፦
“ጋሼ፣ ደከመዎት? ውሃ ላምጣልዎ?”

ቺዙሩ በእርጥብ ጥጥ
ዕድሜን ከግንባሩ ትጠርጋለች፤
ጥጡ ላይ አመድ ይቀራል።
እሷም አንድ መምህር ነበራት፤
የእውነት ዝናብ፣ የእውነት ሽበት፣
“በቃ!” የሚል ሰው
ያልነበረበት።