የኪስ ትራፊ

ደሴ ጉም ሲወርዳት፣ ከጦሳ ጫፍ ለቆ፣
ሰው ድምፁ ይቀድማል፣ መልኩ ተደብቆ።
እኔ ሸዋ በር ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ተራ፣
እጄን ሰው ኪስ ከትቼ፣ ስዳብስ እውላለሁ፣ ይሄው ነው የኔ ሥራ።
(ሌባ አትበሉኝ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ፣
"ኪሴ አፈሰሰ" ብሎ፣ ኮቱን ጥሎልኝ ነው፣ የሄደው ቁልቁል ወርዶ።)

ሳንቲሙማ ፈስሶ፣ ቀርቷል ከሰው ደጅ፤
ለምንም ያልሆነው፣ ከገበሩ ስፌት፣
ተሸጉጦ ይቆያል፣ እንደ ድሃ ወዳጅ።

አንድ የሽምብራ ፍሬ። የከሰል ስባሪ።
ያለ መዝጊያው ቁልፍ፤ በሩ የት እንዳለ፣ ማን ሊሆን ነው ነጋሪ?
የግመል ፀጉር ነው፣ ኮት ባቲ የለቀመው፣
እስካሁን ቢያሸቱት፣ ቆላ ቆላ ይላል፣ ደጋ ያላከመው።
የአውቶቡስ ቲኬት፣ ከመርሳ የመጣ፤
ባለቤቱም ረሳው። ምን ያድርግ ታዲያ፣ ከስሙ አይወጣ።

"ይሄ ያንተ ነው ወይ?" ብዬ እጠይቃለሁ።
"ጣለው!" ይሉኛል። እሺ እላለሁ።
አልጥልም። የድልህ ጣሳ አለችኝ፤ እዚያ አኖራለሁ።

ጣሳ የማትይዘውን፣
በቅድ ወረቀት ጀርባ፣ በእርሳስ እጭራለሁ፦

ሰኞ፦ የጫኝ ካፖርት። ናፍጣና ጁንያ። ከአንገትጌው ሥር ግን፣ የሕፃን ቅባት።
ረቡዕ፦ በረዶ ጣለ። የቆርቆሮው ጩኸት ሲንጀሬን ዋጣት፤
እየሰፋሁ መሆኔን በእግሬ ብቻ አወቅሁት።
ዓርብ፦ ምንም የለም። እሱንም ጻፍኩት።
ቅዳሜ፦ የሙሽራ ሱሪ፤ ሰርጉ ፈርሷል አሉ። ቢሆንም ተኮስኩት፣ ምናልባት ይታረቁ።

ማታ፣ ልጆች ሲተኙ፣ ጣሳዋን እዘረግፍና፣
ግጥም እቆርጣለሁ፤ ልኩን የማይናገር ደንበኛ ነውና፣
ሲጠብ እተረትራለሁ፣ ሲሰፋ አጠባለሁ፣ ይነጋል እንደገና።

ያ ኮት የመጣው ግን፣ ጥቅምት መጨረሻ።
አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ክርኑ የሳሳ፤
ከውስጥ ኪሱ ወጣ፣ አራት የታጠፈ፣ የእርሳስ ማስታወሻ፦

"ምስር፣ ሁለት ኪሎ።
የልብስ ሳሙና።
ክር፣ ነጭ።
ካለ፣ ሎሚ።"

ከ"ካለ" ሥር መስመር አለ፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል።

ይሄን ግን አልጠየቅሁም። እውነቱን ልናገር፣
"ጣለው" እንዳይሉኝ ሳይሆን፣ "ስጠኝ" እንዳይሉኝ ነበር።

ኅዳርን በሙሉ፣ "ካለ"ን ሳገላብጥ፣
አርባ መስመር ጻፍኩኝ። ሴትዮዋን ፈጠርኳት፣
ቁመቷን ለካሁኝ፣ ሙሽራ አደረግኳት፣
ሎሚ አስወረወርኩባት፣ ደረቷን አስመታሁ፣ በጥምቀት ጨዋታ ውስጥ።

ታኅሣሥ ላይ በጠዋት፣ ጉም ሱቄን ሲያለብስ፣
ድምፅ መጣ በፊት፦
ሳል፣ ከዚያም ከዘራ፣ ከዚያም የጫማ ኮቴ፣ ከደጄ ሲደርስ።
ጋሽ ይማም ነበሩ፣ ከኩታበር መንገድ።
"ልጄ፣ ከኪሴ ውስጥ፣ ወረቀት አልወጣም?
ቤቱን ፈተሽኩት፣ ከአልጋ እስከ አመድ።"

ዝም አልኩ።
"የይርገዱ ናት" አሉ።
"ገበያ ስትልከኝ የጻፈቻት ናት። በሳምንቱ ዐረፈች።
ሎሚ... ነበረ ያን ቀን።
ተወደደብኝና፣ 'የለም' ብያት ገባሁ።"

ጣሳዋን ዘረገፍኩ። ሽምብራው ተንከባለለ፣ ቲኬቱ በረረ፤
ወረቀቷን ሰጠሁ። አርባው መስመሬ ግን፣
ልኩ የሌላ ሰው ሆኖ ቀረ።

"ኮትዎን ያውልቁ" አልኳቸው። በግራ ደረቱ፣
ከገበሩ ሥር ገብቶ፣ ትንሽ ኪስ ቆረጥኩኝ፣ ልኩ አራት እጥፋቱ።
አረንጓዴ ክር ነበረኝ፤ ሙሉ ጥቅል፣ መደርደሪያ ላይ።
አየሁት። ተውኩት።
በነጩ ሰፋሁ።

ጋሽ ይማም ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አሳለፉ፤ ምንም አላሉም።
ጉሙ ከዋጣቸው በኋላ እንኳ፣ ሳላቸው ይሰማኝ ነበር።

ሐሙስ፦ ነጭ ክር። አንድ ክንድ ገደማ።