የመብራት ሠራተኛው የሚያውቀው

ስሜን አታውቁትም። ከዝርዝሩ ግርጌ
በሩጫ ያልፋል፣ ሳይነበብ፣ ከነማዕረጌ፤
«መብራት» ይላል ብቻ። ከዚያ ማስታወቂያ፣
ስለ ሳሙና አረፋ፣ ስለ ግድግዳ መቀቢያ።
ዛሬ ግን ልናገር፤ ማንም አልከለከለኝ፣
ደሞዜን የሚቆርጥ አለቃም የለብኝ።

ያቺ ተዋናይት፣ አስራ ሦስት ሳምንት
ደብዳቤ እያነበበች አገር ያስለቀሰችበት፣
ወረቀቱ ቢል ነው፤ የሆቴሉ፣ የመብራት።
የሦስት ወር ውዝፍ። ባለሆቴሉ ከኋላዬ ቆሞ
እሱም አለቀሰ፤ ቁጥሩን አይቶ ከሷ ቀድሞ።

ዝናቡን ያዘነበው መኪና አጣቢው ታሪኩ፣
በደቂቃ እየተከፈለው፤ ሰዓት እያየ በልኩ።
ሕፃኑ? ዳቦ ነው፣ በሻሽ የተጠቀለለ፣
ቀረጻው ሳያልቅ ግን አንድ እግሩ ጎደለ።
በአርባኛው ክፍል ላይ ሙሽራው ለምን ሞተ?
ለደሞዝ ጭማሪ ስለተሟገተ።
ደራሲው በአንድ ሌሊት መኪና አስገጨው፤
(መኪናዋ የኔ ናት። ነዳጇን እስከ ዛሬ የከፈለኝ ማነው?)

አባ ኮዳ ደግሞ፣ ያ ራሰ በራ ወፍ፣
ይወድ ነበር በቀብሩ መካከል ተንጎማሎ ማለፍ።
ሲታክተን ተውነው። ተመልካች «ምልክት ነው» አለ፤
ስለ ሞት፣ ስለ ዕጣ፣ ስንቱ አሰላሰለ።
ዓሣ ፈልጎ ነው።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐይቁ ዳር፣ መዝናኛው ጋ ነኝ፤
እዚያም ሽቦ፣ እዚህም ሽቦ፤ ሁለቱም የነዘረኝ።
ትልቁ መሽከርከሪያ ሰባት ቁጥር የለውም፤
ከስድስት ወደ ስምንት። ሐዋሳም ዝም አላለም፦
«ሰው ወድቆበት ነው፤ ሙሽሪት ነች» አሉ፣
በጥላው ሥር እንኳ የማያልፉ አሉ።
ቀቢው ባሪሶ ነው፤ አረቄ ቀምሶ ነበር፣
ሰባትን ዘለላት፤ ይኸው ነው የሰባት ነገር።

ከዚያ የጭራቁ ዋሻ፣ ባቡሩ የሚገባበት፣
አፅሙን ከትምህርት ቤት በደብዳቤ የተዋስንበት፤
የሸረሪቱ ድር የአጥማጆች ያረጀ መረብ፣
ማጅራት የሚዳስሰው እጅ እርጥብ ጓንት ነው፣ በክር የሚሳብ።
ሳቢው እኔ ነኝ።

ድምፁ ላይ ግን፣ እውነት፣ ብዙ ተቸገርን።
አንበሳ ሞከርን፤ ልጆቹ ሳቁብን።
ጅብ ሞከርን፤ የኛ ሰፈር ልጅ ለጅብ አይደነግጥም፣
ነጎድጓድ ሞከርን፤ ከባጃጅ አይበልጥም።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ዘበኛው ዳንጊሶ
ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ ካፖርቱን ደርሶ፣
ሊያየን መጣና
አዛጋ።
ከጥፍር የተነሣ፣ በሆድ የዞረ፣ ረጅም፤
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የታቆረ እንቅልፍ፤ እንዲያ ያለ ሰምቼ አላውቅም።
በካሴት ቀዳነው። ፍጥነቱን ቀንሰን ስናሰማው
ባለድምፁ ራሱ ሸሸ፤ በር ላይ ነው የያዝነው።
«እኔ ነኝ?» አለ። «አንተ ነህ።» ክፍያው አንድ ዓሣ ጥብስ፣
ከነዳጣው፤ ሲበላም አዛጋ፣ አፉን ሳያብስ።

ዳንጊሶ አምና አረፈ።
ጭራቁ ግን አላረፈም፤ በየሩብ ሰዓቱ ባቡሩ እያለፈ።
ልጆች ከዋሻው ይወጣሉ፣ እያለቀሱ፣
እናቶች ይቆጡኛል፣ ንፍጥ እያበሱ።
አንዲት አለች፤ የሰባት ዓመት፣ ረድኤት የምትባል፣
እየሳቀች ትወጣለች፤ የፊት ጥርሷ ገና ይበቅላል።
ረድኤት ዳንጊሶ።
ጠዋት ከጥበቃ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
ያንን ድምፅ ነበር ከበሩ ላይ የሚለቅ፤
እሷን የሚቀሰቅሳት።
ትኬት አልቆርጥላትም። ማንም አልጠየቀኝም።

ባለፈው እሑድ፣ ባቡሩ መሐል ዋሻ ሳለ፣
መብራት ሄደ። ጭራቁ ተጎተተ፣ ወረደ፣ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ፣
ዝም አለ።
ልጆቹ በጨለማው በጩኸት ቀለጡ፤
ባትሪዬን ይዤ ገባሁ፣ ላወጣቸው ከውስጡ።
እሷን አየኋት። ቆማ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣
«ቀስ በሉ» ትላለች፣ ለልጆቹ፣ ለአፅሙም፣ ሳትሰጋ፤
«አባዬ ተኛ።»

የአሥራ አራት ትኬት ብር ቆጥሬ መለስኩ።
መብራቱ መጣ።
እስኪመሽ ድረስ ማብሪያውን አልነካሁም።