ማዕዶት በወሎንጎንግ

ከፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣
ፒሮሽካ በሯን ከፈተች፣ ወንበር አወጣች ከጥላ።
ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ፀጉሯን ሰብስባ፣
ቀይ እንቁላል በሳህን ደርድራ፣ ከጎኑ ኬክ፣ ከጎኑ አበባ።
ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ ውሃ የሚረጫት ትጠብቃለች፤
«ያልተረጨች ሴት ትጠወልጋለች» ሲሉ ሰምታ ነው ያደገች።

በአገሯ ይህ ቀን ፀደይ ነው፤ የቲሳ በረዶ ቀልጦ፣
ጎረምሳው ባልዲ ሙሉ ውሃ ከጉድጓድ ቀድቶ፣ ሮጦ፣
ልጃገረዷን ከነቀሚሷ የሚያርስበት፤
እሷም እየጮኸች የምትሸሽ፣ ግን ብዙም የማትርቅበት።

እዚህ ግን ቅጠል ይረግፋል። ሚያዝያ መፀው ነው።
ምድር ተገልብጣ ስድሳ ስምንት ዓመት፣
የአበባው ግጥም የሚነበበው በደረቅ ቅጠል ላይ ነው።

ከኮረብታው በታች ብረት ማቅለጫው ያጨሳል፤
ባሏ ኦዶን ሠላሳ ዓመት እሳቱን ሲቆሰቁስ ኖሯል።
ስሙን መጥራት ያቃተው አለቃ «ኤዲ» ብሎ ጻፈው፤
መቃብሩ ላይ ግን ኦዶን ነው፤ እሷ ናት ያስቀረጸችው፣
ከፊደሎቹ አናት አራቱንም ነጥብ፣
«አንዷ ብትጎድል አልከፍልም» ብላ፣ ከጠራቢው ራስ ላይ ቆማ፣ በፀሐይ፣ በረሃብ።

ድሮ አርባ ወንድ ነበር በዚህች ሰኞ የሚዞር፣
ሽቶ በኪሱ፣ ግጥም በአፉ፣ በየደጁ አንድ ፓሊንካ ሲጨምር፣
ማታ ግጥሙ ተረስቶ፣ የሰው አጥር ይዞ የሚዘምር።
አምና የመጣው አንድ ብቻ፤ ጌርጌይ፣ ጉልበቱን የታመመ፤
ዘንድሮ እሱም አልጋ ላይ ነው፤
በስልክ ግጥሙን አሰማና «ረጨሁሽ» ብሎ ፈጸመ።

አራት ሰዓት።
አምስት። ጎረቤቷ ውሻውን ይዞ አለፈ፤
ዝንብ ከኬኩ ላይ አረፈ።
አንድ ቅጠል ጭኗ ላይ ወደቀ። አላራገፈችውም።

ከዚያ መኪና ቆመ። ሌቬንቴ፣ የልጇ ልጅ፣
አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ከትከሻው በላይ የተረፈው እጅ፣
እናቱ ከመሪው ጀርባ በአገጯ «ሂድ» ስትለው።
የቅዳሜ ትምህርት ቤቱን በአሥር ዓመቱ ነው የተወው፤
ተማሪው ሦስት ቀርቶ ነበር፣ ሁለቱ ወንድማማች።
አሁን የሚያውቀው «አኛ»ን ነው፣ እናቱን የሚጠራበት፣
ዳቦን፣ ሾርባን፣ ሁለት ስድብም፣ ሦስተኛውን ባልደረሰበት።

ግጥሙን መዳፉ ላይ ጽፎታል፤
ላብ ሰማያዊ ወንዝ አድርጎታል።
ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆመ።
መዳፉን አየ። መዳፉ ዝም አለ።
እሷ ቃሉን ታውቀዋለች፤
ልታቀብለው ከንፈሯ ተከፈተ፤ ከዚያ መልሳ ዋጠችው፤ ትጠብቃለች።
ልጁ መካከሉን ዘለለ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ያዘ፦
«ሳባድ?»

ቃሏ በቋንቋቸው ቅኔ ናት።
ሰሙ፣ «ይፈቀድልኛል?»
ወርቁ፣ «ነፃ»።
በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በኅዳር ብርድ፣ የአጎቷን ካፖርት ጫፍ ይዛ
ረግረጉን በሌሊት ስትሻገር፣
በመንደሩ መጨረሻ ግድግዳ ላይ በኖራ ተጽፋ ያየቻት፣
ያችው ቃል ነበረች። ዝናብ ጀምሯት ነበር፣ ከታች።
እናቷ የቀቀለችላት እንቁላል ኪሷ ውስጥ ነበር፤
ሙቀቱ እስከ ቦዩ ዘለቀ፤
ከቦዩ ወዲያ ኦስትሪያ ነበረች፣ እንቁላሉም በረደ።

«ሳባድ» አለች ፒሮሽካ።

ልጁ ሽቶ አልያዘም። የእግር ኳስ መጠጫ ጠርሙሱን አወጣ፣
እንዴት እንደሚረጭ ማን አሳይቶት! ክዳኑን ከፍቶ ገለበጠው
ከአናቷ እስከ ጫማዋ።
ጮኸች።
ተነስታ ሸሸች፣
ሁለት እርምጃ።

መኪናው ውስጥ እናቱ አፏን በእጇ ያዘች።
ውሃው ከመዳፉ ቀለሙን አጥቦ፣
እንቁላል ሲቀበል ቀዩ ላይ ሰማያዊ አሻራ ተወ።
ሊልጠው ሲል እጁን ያዘችው።
«ኪስህ ክተተው» አለች፣ ከቅንድቧ ውሃ እየተንጠባጠበ።

እንቁላሉ ከጠዋት ጀምሮ ቀዝቅዟል።
ኪሱ ያሞቀዋል።