መንታ መስመሮች

ጥር ነው። ዩቫስኩላ። ሐይቁ ደርቆ ነጥቷል፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ መንገዱ ጭር ብሏል።
ከምድር በታች ባለው በኮንክሪቱ ክፍል
ሲርካ ብቻዋን ናት፤ ሳይክሎትሮኑ ያጓራል
እንደታሰረ ወይፈን፣ ዝግ ብሎ፣ ሳያርፍ፤
እሷ ቁጥር ትለቅማለች ከስክሪኑ ጫፍ።

አስኳል ይለዋል ቋንቋችን፣ ከእንቁላል ሆድ ተውሶ፤
ይህ ግን እንደዚያኛው አይተኛም ቅርፊት ለብሶ።
መቶ ሃምሳ ነፍስ ነው በአንዲት ጠብታ ውስጥ፣
አንዱን የነካ ነገር ሁሉን የሚያናውጥ።
ሁለት ኒውትሮን ሲጨመር ክብነቱ ይቀራል፤
እንደ ሎሚ ተለጥጦ ሌላ መልክ ያወጣል።
ይህ የታወቀ ነው፤ መጽሐፍ ይዞታል፤
የወለሉ ነገር ነው፣ ወለል ላይ ያበቃል።

ሲርካን እንቅልፍ የነሳት የላይ ፎቁ ጣጣ ነው፤
ወለሉ ሳይነቃነቅ መሃል ደረጃው የሚሰነጠቀው።

በስሌቷ፣ ከታች ያሉት መስመሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤
መንታ፣ ፀጉር የማያስገባ በመካከላቸው።
ኃይል ሲጨመር፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ እርከኑ ይጠባል፤
ከጉብታው አናት ሲደርስ ሁሉም ይንጋጋል፣
እንደ ገበያ በር ይተፋፈጋል፤
ጊዜም እዚያ ቦታ እግሩ ይተሳሰራል፣
ኳስ በኮረብታ ጫፍ እንደሚያመነታ፣
በዚህ ልውረድ በዚያ ሳይል፣ ቆሞ ለአፍታ።

ከዚያ በላይ መንታ የለም።
እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ነው የሚቆም።

ሲርካም መንታ ነች፤ ኡርሆ ይባላል ወንድሟ፤
የሱ ጥርስ ሲነቀል ይፈስ ነበር ደሟ።
ያኔ ታች ነበሩ፣ ኃይል አልበዛባቸው፤
አንድ ብርድ ልብስ ነበር የሚበቃቸው።
ጠብ አልነበረም፤ ማንም ማንንም አልከዳ፤
ብቻ አንድ ዓመት መጣ፣ ዓይኑን ያላወቁት እንግዳ።
ሻንጣ ተይዞ በር ላይ ረጅም ሰዓት አመነቱ፤
መንታነት ያለቀው እዚያው ነው፣ በማመንታቱ።
እሱ ወደ ኦውሉ።
እሷ ወደዚህ፣ ወደ ቁጥሩ።

ሲነጋጋ ወጣች። ኤንሲዮ፣ ጡረተኛው በያጅ፣
በሐይቁ ላይ ተቀምጧል፣ ከዓሣ ጉድጓዱ ደጅ።
«ምን አገኘሽ?» አላት፣ ሳያዞር አንገቱን።
«ወለሉ እንዳለ ሆኖ፣ ፎቅ ላይ መንታ መፋታቱን።»
ሽማግሌው ሳቀ፤ ክሩን ሳብ አደረገ፤
መንጠቆው ባዶ ነው፤ መልሶ ውሃ ውስጥ ሸሸገ።
«ይሄማ» አለ፣ «በኔም ቤት ደርሷል፤
ብቻ ያኔ የሚቆጥረው ሰው ጠፍቷል።»

ስልኳን አወጣች። ስምንት ወር ያልነካችው ስም።
ጣቷ ከስሙ በላይ ቆመ፤ አልወረደም፣ አልተነሳም፤
እዚያው ጉብታው ላይ፣
በዚህም፣ በዚያም ሳይል።

ከእግሯ ሥር በረዶው አንዴ ጮኸ፣
ረጅም ጩኸት፣ ከዳር እስከ ዳር።
አልተሰበረም።